ዋጋውን ደፍሮ የጻፈው ገንዳ ሻጭ

«ለዋጋ ኢንቦክስ ያድርጉ።» ይህን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ፌስቡክ ላይ አለ፣ ቴሌግራም ላይ አለ፣ ደህና ብር አውጥቶ ዌብሳይት ያሰራ ነጋዴ ገጽ ላይም «ያግኙን» ተብሎ ተቀምጧል። ከዚያ ያው ነጋዴ «ዌብሳይቴ ጎግል ላይ አይወጣም፣ ኤስኢኦ (ገጽን ጎግል ላይ ከፍ ብሎ እንዲወጣ የማድረግ ስራ) የሚሰራ ሰው ፈልጉልኝ» ይላል። ገጹ ሲከፈት ግን ጎግል አንስቶ ለሰው የሚያሳየው ነገር የለበትም። «እንኳን ደህና መጡ»፣ «ጥራት መለያችን ነው»፣ ሁለት ሦስት ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር፣ በቃ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ የአሜሪካ የመዋኛ ገንዳ ሻጭ ነው። በሙያው ላሉ ሰዎች ታሪኩ አዲስ አይደለም። በአማርኛ ግን ከስር ከመሰረቱ ተዘርዝሮ አላየሁትም፣ ለእኛ ነጋዴዎች ደግሞ ከብዙ የኤስኢኦ ኮርስ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ድርጅቱና ቀውሱ

ሪቨር ፑልስ ኤንድ ስፓስ ይባላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ዋርሶ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው ያለው። በ2001 ሁለት ጓደኛሞች ጀመሩት፣ ቆየት ብሎ ማርከስ ሼሪዳን ሦስተኛ ሸሪክ ሆኖ ገባ። ስራቸው ሰው ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ የፋይበርግላስ መዋኛ ገንዳ መትከል ነው። ገበያቸው ያኔ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ስለነበረ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ አንባቢዎች አገሩን በደንብ ታውቁታላችሁ።

ስለ ገንዳ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው አይገባም። መሬት ውስጥ የሚቀበር ገንዳ በብዛት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ኮንክሪት ነው፣ እዚያው ተሞልቶ የሚሰራ። ሁለተኛው በቪኒል የሚለበጥ ነው። ሦስተኛው ፋይበርግላስ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ወጥ ሆኖ ተሰርቶ በትልቅ መኪና ተጭኖ ይመጣና ጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጣል። እያንዳንዱ የራሱ ጥሩና መጥፎ ጎን አለው። ዋጋውም በጣም ይለያያል። ገዢው ደግሞ ይህን ሁሉ አያውቅም። በህይወቱ አንዴ የሚገዛው ነገር ነው፣ ከየት ያውቃል?

እስከ 2007 ድረስ ስራው ደህና ነበር። በዓመት ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሽያጭ ነበራቸው፣ ለዚህም 250,000 ዶላር ያህል ለማስታወቂያ ያወጡ ነበር። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ጎግል ላይ በክፍያ የሚወጣ ማስታወቂያ። ብዙ አሜሪካዊ ገንዳ የሚያስቆፍረው የቤቱን ዋጋ መያዣ አድርጎ ከባንክ ተበድሮ ነው። የቤት ዋጋ ሲወድቅ ያ ብድር ተዘጋ። በ2008 መጨረሻ ላይ ሰው ስለ ገንዳ ማሰብ አቆመ። በ2009 መጀመሪያ የድርጅቱ ትዕዛዝ በወር ከስድስት ወደ ሁለት ገደማ ወረደ። እያንዳንዳቸው ከ50,000 ዶላር በላይ ሊያወጡ የተዘጋጁ አራት ደንበኞች ቀብዳቸውን መልሱልን አሉ። ባንክ ያለው ሂሳባቸው ለሳምንታት ባዶ ብቻ ሳይሆን ከዜሮ በታች ሆነ። ሸሪኮቹ ቤታቸውን ጭምር ሊያጡ ነበር።

ማስታወቂያ እንዳይገዙ ብር የለም። ዝም እንዳይሉ ድርጅቱ ሊዘጋ ነው።

የማታው ስራ

ሼሪዳን በዚያ ሰሞን ስለ ኢንተርኔት ገበያ ማንበብ ጀመረ። ያነበበው ነገር በሙያው ቃላት የታጨቀ ነበር፣ እሱ ግን ሲጨምቀው አንድ ነገር ብቻ አገኘ፦ ደንበኞችህ የሚጠይቁህን ጥያቄ ሁሉ ዌብሳይትህ ላይ መልስ። በኋላ ለኒውዮርክ ታይምስ እንደነገረው፣ መነሻው ራሱ ኢንተርኔትን እንዴት እንደሚጠቀም ማሰቡ ነው። እሱ ራሱ ጎግል ላይ የሚጽፈው ለአንድ የተወሰነ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ነው። የገንዳ ሻጮች ዌብሳይት ላይ ግን መልስ የለም።

ስለዚህ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ለዓመታት የሰማቸውን ጥያቄዎች ጻፈ። ይህ ሰው ደንበኛ ቤት እየሄደ፣ ሳሎን ተቀምጦ ሲሸጥ የኖረ ነው። ጥያቄዎቹን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገውም። እያንዳንዱን ጥያቄ የአንድ ጽሁፍ ርዕስ አደረገው። ርዕሱን ያስቀመጠውም ደንበኛው በሚጠይቅበት አፍ ነው። ከዚያ በሳምንት ሁለት ሦስት እያደረገ መጻፍ ያዘ። ቀን ሸሪኮቹ ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፣ ማታ እሱ ይጽፋል።

የመጀመሪያውና ትልቁ ጥያቄ የታወቀ ነው። የፋይበርግላስ ገንዳ ስንት ነው?

ይህን ጥያቄ በዚያን ጊዜ በዘርፉ ዌብሳይት ላይ የሚመልስ ነጋዴ አልነበረም ማለት ይቻላል። ምክንያቶቹ እኛም የምናውቃቸው ናቸው። «ዋጋው ይለያያላ፣ እንዴት አድርጌ ልጻፈው?» «ተፎካካሪ ያየዋል።» «ደንበኛው ዋጋውን አይቶ ይሸሻል፣ መጀመሪያ ይምጣና እናሳምነዋለን።» መርካቶም ቦሌም የምትሰሙት ይኸው ነው፣ በዚያው አነጋገር።

ሼሪዳን የጻፈውን ልብ በሉ። አንድ ቁጥር ለጥፎ አላለፈም፣ ምክንያቱም በእርግጥም ዋጋው ይለያያል። የጻፈው ለምን እንደሚለያይ ነው። የገንዳው መጠን፣ ማሞቂያ ይኑረው አይኑረው፣ መሸፈኛው፣ ዙሪያው የሚነጠፈው ኮንክሪት፣ አጥሩ፣ ቁፋሮውን ማን እንደሚያሰራ። እያንዳንዱ ዋጋውን ወደየት እንደሚወስደው አስረዳ። ገዢው ጽሁፉን አንብቦ ሲጨርስ ቁርጥ ያለ ዋጋ ባይኖረውም፣ የእሱ ገንዳ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ያውቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ ሰውዬ አልሸሸኝም ይላል።

ጽሁፉ ወዲያው የጎግል አናት ላይ ወጣ። በ2013 ኒውዮርክ ታይምስ ስለ ድርጅቱ ሲጽፍ፣ ሼሪዳን ያቺ አንዲት ጽሁፍ ብቻዋን ቢያንስ 1.7 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ እንዳመጣች ተናግሯል። እንዴት አወቀ? ወደ ዌብሳይቱ የመጣ ሰው መጀመሪያ የትኛውን ገጽ እንደከፈተ፣ ከዚያ ስንት ገጽ እንዳነበበ፣ በመጨረሻም ገዛ አልገዛ የሚከታተል ሶፍትዌር ነበረው። ይህን የምነግራችሁ ቁጥሩን ለማድመቅ አይደለም። ብዙዎቻችን ዌብሳይት ካለን በኋላ ማን ከየት እንደመጣ አናይም፣ ስለዚህ የሚሰራውንና የማይሰራውን መለየት አንችልም።

ስለራስ ዕቃ መጥፎውን መጻፍ

ከዋጋው ጽሁፍ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው።

የፋይበርግላስ ገንዳ ችግሮች ምንድን ናቸው ብሎ ጻፈ። ሻጩ ራሱ! ሰው ብዙ ብር ሊያወጣበት ያሰበውን ነገር ሲፈልግ ስሙን ከጻፈ በኋላ «ችግር» የሚል ቃል ይጨምራል። ሁላችንም እናደርገዋለን። መኪና ልንገዛ ስናስብ የሞዴሉን ስም ጽፈን ምን ምን ይበላሽበታል ብለን እንፈልጋለን። ሼሪዳን መልሱን ሌላ ሰው ከሚጽፈው እኔ ልጻፈው አለ። ያውም እውነቱን። የፋይበርግላስ ገንዳ ተሰርቶ አልቆ በመንገድ ስለሚጓጓዝ ስፋቱ ወደ 16 ጫማ ገደማ ላይ ያቆማል፣ ከዚያ በላይ መንገዱ አይፈቅድም። ቅርጹም ፋብሪካው ካለው ሻጋታ አያልፍም። ልዩ ቅርጽ የሚፈልግ፣ በጣም ሰፊ የሚፈልግ ሰው ኮንክሪት ይሻለዋል። ይህን እንዲህ በግልጽ ጽፎ ለአንባቢው ለየት ያለ ቅርጽ ካልፈለግህ ግን ፋይበርግላስ ለምን እንደሚሻልህ ይኸውልህ ይላል።

ያ ገጽ ደንበኛ ያባረረ ይመስላል። ያባረረው ግን ቀድሞውንም የማይገዛውን ሰው ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ የከበደው ነው። ደንበኞች «እናንተን ወደናችኋል፣ ግን ሌላ ማንን እንይ?» ብለው ይጠይቁታል። እሱም እዚያው ቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ ከተማ ያሉ ምርጥ ገንዳ ሰሪዎች እነማን ናቸው የሚል ጽሁፍ ጻፈና አምስት ድርጅት ዘረዘረ። የራሱን አላስገባም። ራሴን ካስገባሁ ማንም አያምነኝም ነው ያለው። ውጤቱን አስቡት፤ አንድ ሰው የተፎካካሪዎቹን ስም ጎግል ላይ ሲጽፍ የእሱ ገጽ ይወጣል። አንባቢው ስለሌሎቹ የሚያነበው ሪቨር ፑልስ ዌብሳይት ላይ ቁጭ ብሎ ነው።

በኋላ ላይ ሼሪዳን ሰው ከመግዛቱ በፊት የሚፈልጋቸውን ነገሮች በአምስት ከፍሏቸዋል፦ ዋጋ፣ ችግር፣ ንጽጽር፣ ሌሎች ስለዕቃው የሚሉት፣ እና ምርጡ የቱ ነው የሚለው። ከአምስቱ አንዱም «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ ውስጥ የለም።

ጎግል ለምን ወደደው

እዚህ ላይ ትንሽ ቴክኒክ እንግባ። ጎግል በመሰረቱ ሦስት ስራ አለው። በሮቦት ገጾችን እየዞረ ያነባል። ያነበበውን መዝግቦ ያስቀምጣል። ሰው ሲጠይቅ ከመዝገቡ ውስጥ አወዳድሮ ያቀርባል። ያልተጻፈ ነገር መዝገቡ ውስጥ አይገባም፣ መዝገቡ ውስጥ የሌለ ደግሞ በምንም ተዓምር አንደኛ አይወጣም። የኢትዮጵያ ነጋዴ ዌብሳይት ችግር በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው ያለው፣ ውድድሩ ጋር ገና አልደረስንም።

ሼሪዳን ጋ የሆነው ይህ ነው። ብዙ ሰው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ጎግል የሚሰጠው ጥሩ መልስ የለውም። አንድ ገጽ መጣ፣ ርዕሱ ጥያቄው ራሱ ነው፣ ውስጡ የመልሱ ዝርዝር ነው፣ የጻፈው ደግሞ ዕቃውን በእጁ የሚያውቅ ሰው ነው። በላዩ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ገጽ ሰው ለሰው ይጠቁመዋል። የጎግል መስራቾች በ1998 ስታንፎርድ እያሉ ያወጡት ሃሳብ ከሌላ ገጽ የሚመጣ ሊንክ እንደ ምስክርነት ይቆጠራል የሚል ነው፣ ዛሬም ብዙ ነገር ተጨምሮበት አለ። «ያግኙን» ብቻ ያለበትን ገጽ ግን ማን ይመሰክርለታል?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ዛሬም ሰው ብር እየከፈለበት ነው። ሼሪዳን መጻፍ በጀመረበት በዚያው በ2009፣ መስከረም ላይ፣ ጎግል በይፋ አንድ ነገር አሳወቀ። በገጹ ኮድ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጠውን የኪወርድ (የመፈለጊያ ቃላት) ዝርዝር ለደረጃ አልጠቀምበትም አለ። ይህን ያህል ዘመን አልፎም «50 ኪወርድ እናስገባልዎታለን» እያሉ የሚያስከፍሉ አሉ። እባካችሁ ለዚህ ብር አትክፈሉ። ሊንክ በገፍ እንሸጥላችኋለን የሚሏችሁም ካሉ ራቁ። በ2012 ሚያዝያ ጎግል ፔንግዊን ያለውን ለውጥ ያወጣው በተገዛና በተቀናበረ ሊንክ ከፍ ያሉትን ለማውረድ ነው። ከዚያ በፊት በ2011 ፓንዳ የሚባለው መጥቶ ባዶ ጽሁፍ በብዛት የሚያመርቱ ገጾችን አራግፏል። የሪቨር ፑልስ ዓይነት ገጽ ከሁለቱም የሚፈራው የለም።

ሽያጩ ላይ ምን ተለወጠ

ጎግል ላይ መውጣት ብቻውን ሽያጭ አይደለም። ሼሪዳን ቁጥሩን ሲከታተል ያየው አንድ ነገር አለ፤ ለኒውዮርክ ታይምስም ነግሯቸዋል። ሻጭ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ከዌብሳይቱ 30 ገጽ ያነበበ ሰው ከመቶ 80 ጊዜ ይገዛል። በዘርፉ የተለመደው ግን ወደ 10 በመቶ ገደማ ነው።

ይህን ካየ በኋላ ቀጠሮ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚነበብ ነገር መላክ ጀመረ። አንብቡና እንገናኝ ይላል። ያላነበበ ሰው ቤት ሰዓታት ነድቶ ሄዶ ያንኑ ነገር ከሀ ጀምሮ ከማስረዳት፣ ያነበበ ሰው ቤት ሄዶ ስለ ግቢው ማውራት ይሻላል። ይህ ነገር ለእኛ አገር ምን ያህል ቢጠቅም! ቴሌግራም ላይ ቀኑን ሙሉ «ስንት ነው?» ለሚል መልዕክት አንድ በአንድ መልስ እየጻፈች የምትውል ልጅ የሌለችበት ሱቅ ጥቂት ነው። ያችው ልጅ በቀን ሃያ ጊዜ የምትጽፈው መልስ አንድ ገጽ ቢሆን ማታ ሱቁ ተዘግቶም ይሰራላት ነበር።

ድርጅቱ ከቀውሱ ወጣ። ሽያጩ ከቀውሱ በፊት ከነበረው አለፈ፣ የማስታወቂያ ወጪው ግን ወደ አንድ አስረኛ ገደማ ወርዶ ነው። ቆየት ብሎም ገንዳ መትከል ብቻ ሳይሆን ማምረትም ጀመረ።

ለሁሉም ይሰራል ወይ

አይሰራም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ጉዳዩን አሳምሬ ሸጥኩላችሁ ማለት ነው።

ገንዳ ውድ ዕቃ ነው። አንድ ሰው በጽሁፉ ምክንያት ቢገዛ የዓመቱ ልፋት ተከፈለ ማለት ነው። ገዢው ደግሞ ለወራት ያስባል፣ ያነባል፣ ያወዳድራል። ተፎካካሪዎቹ ዝም ብለው ነበር። ባለቤቱ ራሱ የሚጽፍ ሰው ነው፣ ሸሪኮቹ ስራውን ስለያዙለት ጊዜ አገኘ። እነዚህ ሁሉ ባንድ ላይ ሲገጥሙ ነው እንዲህ የሚሆነው። ዳቦ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ጸጉር ቤት ያለው ሰው ስለ ዳቦ 100 ጽሁፍ ቢጽፍ ማንም አያነበውም። እሱ የሚያስፈልገው የጎግል ካርታ ላይ ቦታው በትክክል መቀመጡ፣ የሚከፍትበትና የሚዘጋበት ሰዓት መኖሩ፣ ስልኩ መስራቱ፣ ደንበኞቹ አስተያየት መጻፋቸው ነው። ይህ ሁሉ የሚገባበት ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል የሚባለው ነጻ ነው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ብዙም በማይጠቅምበት ከተማ ደግሞ ካርታ ላይ ያለች ነጥብ ትልቅ ነገር ናት።

ሰው ከመግዛቱ በፊት የሚጨነቅበትን ነገር የሚሸጥ ሁሉ ግን ከሼሪዳን የሚወስደው አለው። ኪችን ካቢኔት፣ የአሉሚኒየም በርና መስኮት፣ ሶላር፣ የሰርግ ቪዲዮ፣ ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ዕቃ መላኪያ፣ የታክስ ስራ፣ የጥርስ ህክምና።

ኪችን ካቢኔቱን እንውሰድ። ደንበኛ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ በሜትር ስንት ነው? ባለሙያው የሚመልሰውም አንድ ነው፦ እንደ ስራው ነው። ልክ ነው፣ እንደ ስራው ነው። እንግዲያው «እንደ ስራው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይጻፍ። ቺፕውድ ነው ኤምዲኤፍ? የላይና የታች ነው ወይስ የታች ብቻ? ማጠፊያው ተራ ነው ወይስ ቀስ ብሎ የሚዘጋው? ከላይ የሚነጠፈው ግራናይት ነው ወይስ ሌላ? መሳቢያው ስንት ነው? እያንዳንዱ ዋጋውን በምን ያህል ከፍና ዝቅ እንደሚያደርገው ሲጻፍ አንዲት እናት ቤቷ ቁጭ ብላ በጀቷን ታሰላለች። ሁለተኛው ጽሁፍ «ካቢኔት ለምን ያብጣል?» ይሁን። ቺፕውድ ውሃ ሲገባበት ያብጣል፣ በተለይ ከእቃ ማጠቢያው ስር። ይህን የሚያውቀው ባለሙያው ነው፣ ደንበኛው የሚያውቀው ከተበላሸ በኋላ ነው። አስቀድሞ የነገራትን ሰው አትረሳውም።

«ዋጋ እኮ በየሳምንቱ ይቀያየራል» የሚለውን እሰማለሁ። እውነት ነው፣ በተለይ በ2024 ሐምሌ የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዋጋ መጻፍ ቢፈራ አልፈርድበትም። ግን መፍትሄ አለው። ከላይ ወሩን ጻፉ፣ «የዚህ ወር ዋጋ» በሉ፣ ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ አስቀምጡ፣ ሲቀየር አድሱት። ዋጋውን ከፍ የሚያደርጉት ምክንያቶች ደግሞ አይቀየሩም። ጽሁፉ ውስጥ ዋናው ነገር እነሱ ናቸው።

«ተፎካካሪ ያየዋል» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ተፎካካሪህ ዋጋህን ያውቀዋል። ደንበኛ መስሎ ደውሎ ጠይቋል።

አማርኛ ላይ የሚጨመር

ሼሪዳን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ያልነበረበት ጣጣ እኛ ላይ አለ። አንደኛ፣ ብዙ ነጋዴ ዋጋውንም ዝርዝሩንም ፎቶ ላይ ጽፎ ነው የሚለጥፈው። ባለ ቀለም፣ ያማረ ዲዛይን ይሆናል፣ ነገር ግን ተራ ጽሁፍ ሆኖ ገጹ ላይ ካልተቀመጠ ጎግል እንደ ጽሁፍ አያስቀድመውም። ፎቶው ይኑር፣ ከስሩ ግን ያንኑ በጽሁፍ ድገሙት። ሁለተኛ፣ ቴሌግራም ላይ የተጻፈ ጥሩ ማብራሪያ ነገ በሌላ ሃምሳ ፖስት ይቀበራል። ሰው ጎግል ላይ ሲፈልግም እምብዛም አይደርስበትም። ያንን ጽሁፍ ዌብሳይት ላይ አድርጋችሁ ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ብትለቁ ሁለቱንም ታገኛላችሁ።

ሦስተኛ፣ ሰው በሚናገረው ቃል ጻፉ። ደንበኛው የሚፈልገው «ኪችን ካቢኔት» ብሎ ነው፣ አንዳንዱ በአማርኛ ፊደል፣ አንዳንዱ ያንኑ አማርኛ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ በእንግሊዝኛ። ርዕሱ በአማርኛ ሆኖ ውስጡ ላይ የእንግሊዝኛው ስም አንዴ ቢገባ አይጎዳም። ጸጉር በጸ ይጻፍ በፀ፣ ሐኪም በሐ ይጻፍ በሀ ብሎ የሚጨነቅ ካለ፣ አንዱን ርዕሱ ላይ አድርጎ ሌላው ጽሁፉ ውስጥ ቢገኝ ደህና ነው። ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም፣ ቃሉን እየደጋገሙ ገጹን መሙላት አንባቢም ይሰለቸዋል፣ ጎግልም አይወደውም።

ደስ የሚለው ነገር፣ በ2009 የገንዳ ገበያ ላይ የነበረው ባዶ ቦታ ዛሬ በአማርኛ ላይ በጣም ብዙ ነው። ስለ ካቢኔት፣ ስለ ሶላር፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ ዕቃ መላክ በአማርኛ ጠይቃችሁ የሚወጣላችሁን እዩት። በደንብ የተጻፈ አንድ ገጽ የሚፎካከረው ከትንሽ ነገር ጋር ነው።

ዛሬ ከ2009 የሚለየው ሌላም ነገር አለ። ጎግል ከ2024 ጀምሮ ራሱ መልሱን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አጠናቅሮ ከላይ እያወጣ ነው። ስለዚህ የትም የሚገኝ አጠቃላይ ነገር የጻፈ ሰው ገጹን የሚከፍትለት እየቀነሰ ይሄዳል። በሌላ በኩል በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ፣ ደረጃ ለማግኘት ብቻ በገፍ የሚመረት ጽሁፍ፣ ሰውም ያምርተው ማሽን፣ ደንቡን እንደሚጥስ ጎግል አስታውቋል። ከዚያ በፊትም በ2022 ታህሳስ ገጾችን ለሚመዝኑ ሰዎች በሚሰጠው መመሪያ ላይ ጸሐፊው ነገሩን ራሱ አይቶታል ወይ፣ ሰርቶታል ወይ የሚለውን ጨምሯል። ቻትጂፒቲን «ስለ ኪችን ካቢኔት 30 ጽሁፍ ጻፍልኝ» ብሎ መለጠፍ የሼሪዳንን መንገድ መከተል አይደለም። እሱ የጻፈው ሰው ሳሎን ተቀምጦ የተጠየቀውን ነው።

መጀመር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ስልኩን ያውጣና ያለፈው ወር የቴሌግራምና የፌስቡክ መልዕክቶቹን ያንብብ። ደጋግሞ የመጣው ጥያቄ የመጀመሪያው ርዕስ ነው። ከዚያ ዌብሳይቱን ሰርች ኮንሶል ከሚባለው የጎግል መሳሪያ ጋር ያገናኝ፣ ነጻ ነው፣ የሰራላችሁ ልጅ በአጭር ጊዜ ያገናኘዋል። ሰው ምን ብሎ ጽፎ ገጻችሁን እንዳየ እዚያ ላይ በዝርዝር ይወጣል። ብዙ ጊዜ የታየ ግን ማንም ያልከፈተው ጥያቄ ካለ፣ ርዕሳችሁ ለጥያቄው መልስ አይመስልም ማለት ነው፣ እሱን ቀይሩ። ጭራሽ ያልጻፋችሁበት ጥያቄ ከወጣ ደግሞ ቀጣዩ ጽሁፍ እሱ ነው።